ቴፑን ከመቀየርህ በፊት ስፓይራል ኬብሉን አስፈትሽ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አነበብኩት። መኪናህ የ2008 ያሪስ ነው። መሪው ላይ ያሉት የድምፅ በተኖች አይሠሩም፣ ክላክሱ አንዳንዴ ይጮኻል አንዳንዴ ዝም ይላል፣ የኤርባግ መብራትም በርቶ ቀርቷል። መካኒኩ ደግሞ «ቴፑ ነው፣ ቀይረው» ብሎሃል።

ለቴፕ ብር አታውጣ። ክላክስ በቴፕ በኩል አያልፍም፣ ኤርባግም አያልፍም። የሦስቱም ሽቦ የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ፤ ከመሪው ሥር ያለው ስፓይራል ኬብል ነው። ክሎክ ስፕሪንግ የሚሉትም አሉ።

መሪው ስለሚዞር ተራ ሽቦ ቢዘረጋበት ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ ክብ ፕላስቲክ ውስጥ ስስ ጠፍጣፋ ኬብል ተጠቅልሎ ይቀመጣል። መሪውን ባዞርክ ቁጥር ይላላል፣ ይጠብቃል። ዕድሜ ሲጫነው ውስጡ ያሉት መስመሮች አንድ በአንድ ይሰነጠቃሉ። የእኔ ኮሮላ ላይ መሪው ቀጥ ሲል በተኖቹ ይሞታሉ፣ ወደ ቀኝ ስጠመዝዝ ይነሳሉ። ጋራዡ መጀመሪያ ክላክሱን ራሱን ቀይሮ ሒሳብ ተቀበለኝ፤ ችግሩ ግን እዚያው ነበር።

አንተም ይህን ሞክር። መኪናውን አቁመህ ሞተሩን አስነሳ። የድምፅ መጨመሪያውን እየተጫንክ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለህ አዙር። የሆነ ቦታ ሠርቶ የሆነ ቦታ የሚጠፋ ከሆነ፣ ወይም ሲዞር የመንኮሻኮሽ ድምፅ ካለው፣ ኬብሉ ነው። ከዚያ በፊት የክላክሱን ፊውዝ ማየትም አትርሳ።

በተኖቹ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሌላ ነገር እልህ ነበር። ቶዮታ ላይ ብዙ በተኖች በአንድ ሽቦ ነው የሚናገሩት፤ እያንዳንዱ የራሱ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪኩን የሚገታበት መጠን፣ በኦም የሚለካ) አለው። በብዙዎቹ ሞዴሎች ድምፅ መጨመሪያው ወደ 1000 ኦም፣ መቀነሻው ወደ 3110 ኦም ያሳያል። በተኑ ሲቆሽሽ ቁጥሩ ይዛባና ድምፅ ጨምር ስትለው ጣቢያ ይቀይራል። አንድሮይድ ስክሪን ካስገቡ በኋላ የጠፋባቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመሪው ሽቦዎች ሳይገናኙ ቀርተው፣ ወይም ሴቲንግ ውስጥ በተኖቹን ማስተማር ተረስቶ ነው። ያንተ ግን ኤርባግንም ነክቷል።

እኔን የሚያሳስበኝም ይሄው ነው። ድምፅ በእጅ ይጨመራል። መስመሩ የተቆረጠ ኤርባግ ግን ስትጋጭ ላይፈነዳልህ ይችላል። እባክህ «መብራቱን አጠፋልሃለሁ» የሚል ሰው እንዳይነካብህ። አምፖሉን የሚነቅሉ፣ በኤርባጉ ቦታ ሬዚስተር የሚያስሩ አሉ። መብራቱ ይጠፋል፣ መኪናው ግን ያለ ኤርባግ ይቀራል።

መሪውን የሚፈታው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ይሁን። መጀመሪያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል፤ ከዚያ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠበቅ። የኤርባጉ ሲስተም ውስጥ ቻርጅ ስለሚቆይ ነው። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፤ ኤርባጉን ራሱን በቴስተር መለካት ፈጽሞ አይቻልም፣ ሊፈነዳ ይችላል። የወጣው ኤርባግ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። የመሪው ዳዶ ሳይፈታ ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ፣ መሪውና ዘንጉ ላይም ምልክት ይደረግ። በመዶሻ መምታት የለም።

ብዙ አዲስ ኬብል የሚበላሸው ሲገጠም ነው። ኬብሉን መሃል ላይ ሳያስተካክሉ ከገጠሙት መጀመሪያ ሙሉ መሪ ስትጠመዝዝ ይበጠሳል። ቶዮታ ላይ በእጅ ቀስ ተብሎ ወደ ግራ እስኪቆም ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ሁለት ዙር ተኩል ያህል ይመለስና ምልክቶቹ ይገጣጠማሉ። ያገለገለ ኬብል አልመክርህም፤ ሶማሌ ተራ ፈልገህ ብታገኝም የእሱም መስመሮች ምን ያህል እንደደከሙ በዓይን አይታይም። የአሮጌውን የእቃ ቁጥር ይዘህ ሂድ፤ የሶኬቱ ዓይነት ይለያያል።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ቶዮታ በ2014 በዚሁ ኬብል ምክንያት በዓለም ዙሪያ ወደ 3.5 ሚሊዮን መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። አሜሪካ ውስጥ ከ2006 እስከ 2010 ያሪስ፣ ከ2006 እስከ 2008 ራቭ 4፣ 2009 እና 2010 ኮሮላ ነበሩበት። የሻንሲ ቁጥራችሁን የመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (NHTSA) ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ እዩ፤ ጥሪው ካልተሠራላችሁ የቶዮታ ወኪል ሻጭ በነፃ ይሠራዋል።

ከተገጠመ በኋላ ቁልፉን ስትከፍት የኤርባጉ መብራት ይበራና 6 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይጠፋል። ጭራሽ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሎ ወይም ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ መኪናውን አትረከብ። ካልጠፋ ደግሞ መኪናው የመዘገበው የብልሽት ኮድ በማሽን ይነበብና ይጥፋ። አሁንም ከመፈታቱ በፊት ቢያስነብቡልህ ጥሩ ነው። ቢ1801 (B1801) ካለ የሹፌሩ ኤርባግ መስመር ተቆርጧል ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።