ሽንት ያመልጠኛል፤ ለማንም አልተናገርኩም

ጥያቄ፦ የ64 ዓመት ሴት ነኝ። ሳስል ወይም ስስቅ ሽንት ያመልጠኛል። አንዳንዴም ሽንት ቤት እስክደርስ አልቆይም። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ለልጆቼም አልነገርኩም። ውሃ መጠጣት ቀንሻለሁ። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። ሰው ቤት መሄድም ትቻለሁ። እናቴ እንዲህ ሆና ነው አልጋ ላይ የቀረችው። መድኃኒት ይኖረዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ የፈሩትን ልመልስ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሽንት ሊያመልጠው ይችላል። ሽንት ያመለጠው ሁሉ ግን አልጋ ላይ አይውልም። የእርስዎ ችግር በጣም ብዙ ሴቶች ያለባቸው፣ የሚታከምም ነው።

ሲያስሉ የሚያመልጠው ፊኛን ከሥር የሚደግፉት ጡንቻዎች ስለላሉ ነው። ወሊድ ያላላቸዋል፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሆርሞን መቀነስም ይጨምርበታል። መንገድ ላይ የሚቀድምዎት ደግሞ ፊኛው ሳይሞላ ስለሚጨማደድ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መምጣታቸው የተለመደ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ይህን ነገር ከስንቱ ታካሚ እንደምሰማው! ውሃ ሲቀንሱ ሽንቱ አይቀርም፤ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይብሳል። ሰው ቤት መሄድ የተዉት ሽታውን ፈርተው አልነበር? እንዲህ ያለ ሽንት ፊኛን ስለሚያስቆጣ ትንሽ ሲጠራቀም እንኳ ያጣድፋል። የሆድ ድርቀት ይመጣል፣ የደረቀው ሰገራም ፊኛውን ይጫናል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል። ውሃ ያጠረው ሰውነት ይዘው ሌሊት ሲነሱ ሊያዞርዎት ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ መውደቅ የዳሌ ስብራት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ይጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ካልከለከለዎት በቀን ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ። ከመተኛትዎ 2 ሰዓት በፊት ያቁሙ። የሚቀነሰው ቡናና ሻይ ነው።

አንቲባዮቲኩን በተመለከተ ግን ልቆጣዎት ነው። ሲያስሉ የሚያመልጥ ሽንት በባክቴሪያ አይመጣም። ያለ ሽንት ምርመራ የተዋጠ ኪኒን ለዛሬው አይረዳም፤ ነገ እውነተኛ ኢንፌክሽን ሲይዝዎትም መድኃኒቱ እምቢ ሊል ይችላል። ሦስተኛ ጊዜ እንዳይገዙ።

ዛሬውኑ የሚጀምሩት ስፖርት አለ። ሽንትና ፈስ እንደሚይዝ ሰው ከሥር ይሰብስቡ፣ እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ። በአንድ ጊዜ 8፣ በቀን ሦስቴ። ትንፋሽ አይያዙ፣ እየሸኑም አይሞክሩት። በሁለት ሳምንት ለውጥ አጣሁ ብለው እንዳይተዉት፤ ቢያንስ 3 ወር ይፈልጋል። ካልበቃ በብልት ውስጥ የሚቀባ ሆርሞን፣ ፊኛን የሚያረጋጋ ኪኒን፣ ቀዶ ሕክምናም አለ።

ሽንትዎ ላይ ደም ካዩ፣ አንዴም ቢሆን፣ ባያምዎትም፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ደም ከሌለም ሁለት ዓመት በቂ ነው፤ በዚህ ሳምንት ይመርመሩ። የሽንትና የስኳር ምርመራ ይደረግልዎት። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ የደም ግፊት ኪኒን ካለ፣ ይዘው ይሂዱ፤ አንዳንዱ ሽንት ያበዛል። ከዚያ በፊት ባሉት 3 ቀናት የጠጡትን፣ የሸኑበትንና ያመለጠዎትን ሰዓት ይጻፉ። መጻፉ ከከበደዎት ለአንዷ ልጅዎ ይንገሯት፣ እሷ ትጻፍልዎት።