የፖስታና ቴሌ አርማ፦ መጀመሪያ ማኅተሙን አስቀርጽ

እርግብ፣ ፖስታ፣ አንቴናና ሉል አንድ ላይ አስገብተህ «ፖስታንም ቴሌኮሙኒኬሽንንም ለያዘ የአገር መሥሪያ ቤት አርማ የትኛውን ልቀንስ?» ብለሃል። እኔ ብሆን አንቴናውን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። ዕቃ ቶሎ ያረጃል፤ ዲስክ እያዞሩ የሚደወልበትን ስልክ ሥለህ ቢሆን ኖሮ አሁን ልጆች ምን እንደሆነ ይጠይቁህ ነበር። ሉሉም ቢቀር አይከፋኝም፤ የማይጠቀምበት መሥሪያ ቤት የለም።

እርግቧን ግን በጥንቃቄ ያዛት። ከዓመታት በፊት ለአንድ የመልእክት አገልግሎት ወፍ ሠርቼ ነበር፣ ክንፏ ላይ አምስት ቀጫጭን መስመር ያለባት። ስክሪን ላይ ስትታይ ታምራለች። የላስቲክ ማኅተም ተቀርጾላት ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ላስቲኩ ቀለም ጠጥቶ አምስቱ መስመር አንድ ጥቁር ጉብታ ሆነ። ማኅተሙን የምትመታው ጸሐፊ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ጫማ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ንድፍ የምጀምረው ከማኅተም ነው። የፖስታ አርማ አብዛኛውን ዕድሜውን የሚኖረው ደብዳቤ ላይ፣ ከረጢት ላይ፣ የደንብ ልብስ ቁልፍ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀለም።

ሁለቱን ሥራ በአንድ ምልክት ማሰር ይቻላል። የምዕራብ ጀርመን ፖስታ የፈረሰኛ መልእክተኛ መምጣቱን ያስታውቅበት የነበረውን ጥሩምባ ወስዶ የመብረቅ ፍላጻ ጨመረበት፦ ጥሩምባው ለደብዳቤ፣ መብረቁ ለቴሌግራፍና ለስልክ። በኋላ ቴሌው ለብቻው ሲወጣ መብረቁ ተነሣ፣ ጥሩምባው ግን ምንም ሳይጎድለው ቀረ። ያንተንም እንዲህ ፈትነው። አንዱን ግማሽ በጣትህ ሸፍነው፤ የቀረው ብቻውን ካልቆመ ሁለት ሥዕል አጣበቅህ እንጂ አርማ አልሠራህም።

ሌላም አለ፤ ምልክትህ በፖስታ ሥራ ውስጥ ቀድሞ ትርጉም እንዳይኖረው። እ.ኤ.አ. በ1887 የጃፓን መንግሥት ፖስታንና ቴሌግራፍን ለያዘው ሚኒስቴር የላቲኑን «ቲ» የመሰለ ምልክት አስታወቀ። በዓለም አቀፍ የፖስታ አሠራር ግን «ቲ» ማለት ቴምብሩ ጎድሎ ሂሳብ የሚጠየቅበት ደብዳቤ ነው! ብዙ ሳይቆይ ከላዩ አንድ አግድም መስመር ተጨመረበት፤ «ቴ» የሚባለውን የራሳቸውን ፊደል መሰለ፣ የሚኒስቴሩ ስም «ቴይሺን» የሚጀምርበትን። እስከ ዛሬም የጃፓን ፖስታ ምልክት እሱው ነው። ሁለት አግድም፣ አንድ ቁም፤ ሕፃንም በእንጨት አፈር ላይ ይሥለዋል።

ስለ ቀለም አሁን አትጨነቅ። ወፏንና ፖስታውን ብቻ አስቀር፤ ከተቻለም የፖስታው እጥፋት ራሱ ክንፍ ይሁን። 8 ሚሊ ሜትር አድርገህ በጥቁር አትመው፣ ፎቶ ኮፒ አንሣው፣ ኮፒውን ደግሞ ኮፒ አንሣው። ሦስተኛው ወረቀት ላይ የተረፈውን እዚህ ለጥፍልንና እንየው።