የተሰነጠቀ የዓሣ ገንዳ ወለል፦ መልስ

የፒያሳው ወንድሜ፣ የ400 ሊትር ገንዳህ የታች መስታወት ተሰንጥቆ «ሲሊኮን ብቻ ብቀባው ይበቃል?» ብለሃል። እባክህ እንዳታደርገው። ውሃው ብቻ 400 ኪሎ ነው፤ ስንጥቁ አንድ ሌሊት ይለቅና ቤትህ ይጥለቀለቃል።

ዓሦቹን ከነውሃቸው አውጣ። ፊልተሩም (ውሃ ማጣሪያው) እንዳይደርቅ ከዓሦቹ ጋር እዚያው ውሃ ውስጥ ይቆይ። ከዚያ ጎንበስ ብለህ ጠርዙን እይ። ወለሉ በግድግዳዎቹ መሃል ከገባ እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል። ግድግዳዎቹ ላዩ ላይ ከቆሙ ግን ገንዳውን እንደ አዲስ መሥራት ነው። እኔ ብሆን ያኔ ወለሉን ሙሉ የሚሸፍን ሌላ መስታወት ከውስጥ እደርባለሁ።

አሮጌውን ሲሊኮን በምላጭ ፍቀህ ጨርሰው፣ በአሴቶን ጥረገው። በጣትህ ስትዳብሰው የሚያሟልጭ ነገር ከቀረ አዲሱ አይይዝም። ሻጋታ ይከላከላል የሚባለውን የሻወር ቤት ሲሊኮን አትግዛ፣ ዓሦችህን ይገድልብሃል። ለዓሣ ገንዳ ተብሎ የተሠራውን ፈልግ። መስታወቱን በእሱ አጣብቀህ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ ውስጥ ደልዳላ ቦታ ላይ ሞልተህ 2 ቀን እየው፤ ዙሪያውን ደረቅ ጋዜጣ አንጥፍ፣ ጠብታ ካለ ወዲያው ያሳይሃል።

ጠረጴዛውንም በውሃ ልክ ለካ። የእኔን የሰነጠቀችው ከሥር የቀረች አንዲት ጠጠር ነበረች።