ለሐዋሳ ዓሣ ሥራ ቬንቸር ካፒታል? መልሴ ትንሽ ይረዝማል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል ዓሣ ተረክበሽ፣ ፊሌቶ አውጥተሽና አቀዝቅዘሽ ለሐዋሳና ለአዲስ አበባ ሆቴሎች ልታከፋፍዪ አስበሻል። 5 ሚሊዮን ብር ያስፈልግሻል፣ 20 በመቶ ድርሻ ትሰጫለሽ፣ «የቬንቸር ካፒታል ሰዎች አድራሻ ያለው ይተባበረኝ» ብለሻል። አድራሻ ማግኘቱ ቀላል ነው፤ ድርሻ ወስደው በሚያድግ ድርጅት ላይ ገንዘብ ከሚያስገቡት መካከል ሪኒው ካፒታልንም ሴፊየስንም ኢንተርኔት ላይ ታገኛቸዋለሽ። (ሴፊየስ እንኳ በሚሊዮን ዶላር የሚያስብ ስለሆነ ላንቺ አይሆንም።) እኔ ግን አሁን ብትሄጂ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ ባይ ነኝ። የምናገረው እዚሁ ሐዋሳ በዶሮ መኖ ሥራችን ከቤተሰብ ውጭ የሆነ ሰው ገንዘብ አስገብተን ስላየነው ነው።

ቬንቸር ካፒታል የሚሰጥሽ ሰው የሚያስገባው ከሌሎች የሰበሰበውን ገንዘብ ነው። ይህ የተሰበሰበ ገንዘብ፣ ማለትም ፈንዱ፣ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ በዚያ ውስጥ ገብቶ፣ አሳድጎ፣ ድርሻውን ሸጦ መውጣት አለበት። ከሚገባባቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ እንደሚከስሩ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ የተሳካው የከሰረውን ሁሉ መሸፈን አለበት። ጥሩ ትርፍ የሚያመጣና ቤት የሚያቆም ሥራ ላንቺ ግሩም ነው፣ ለእሱ ግን አይበቃውም። መጀመሪያ የሚጠይቅሽ «10 እጥፍ እንዳታድጊ ምን ያግድሻል?» ብሎ ነው።

አንቺን የሚያግድሽ ሐይቁ ነው። ቆሮሶውም አምባዛውም ከአንድ ሐይቅ ነው የሚወጣው፤ አስጋሪው በዝቶ ዓሣው እየሳሳ መሆኑን ደግሞ ሐይቁ ዳር ያደገ ሁሉ ይነግርሻል። ማቀዝቀዣሽን 10 ብታደርጊው ዓሣው 10 እጥፍ አይሆንም። ከዝዋይና ከጫሞ አስጋሪዎች ማኅበራት ጋር የተፈረመ የአቅርቦት ውል ይዘሽ ብትቀርቢ ግን ወሬው ይቀየራል። ያኔ የምትሸጪው የሐዋሳ ዓሣ ቤት መሆኑ ቀርቶ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ከአዲስ አበባ የሚያገናኝ የማቀዝቀዣ ሰንሰለት ይሆናል። ፈንድ የሚሰማው እሱን ነው።

20 በመቶውን በምን አሰላሽው? 5 ሚሊዮን ብር 20 በመቶ ከሆነ ድርጅቱ ገንዘቡ ከገባ በኋላ 25 ሚሊዮን ያወጣል ማለት ነው። ከመግባቱ በፊት ደግሞ፣ አንድ ዲፕ ፍሪዝና አንድ ሐሳብ እያለው፣ 20 ሚሊዮን ያወጣል ማለት ነው። ሰውየው «ለእኔ አሁን 10 ሚሊዮን ነው የሚያወጣው» ካለሽ ያው 5 ሚሊዮን ብር ሲሶውን ይወስዳል። ፐርሰንቱን ትተሽ መጀመሪያ በዋጋው ተከራከሪ።

የውጭ ዜጋ ባለሀብት ከሆነ ሌላ አጥር አለ። በኢንቨስትመንት አዋጁ (1180/2012) የውጭ ባለሀብት ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ማምጣት አለበት፤ ከኢትዮጵያዊ ጋር በሽርክና ከሆነ 150 ሺህ። ያንቺ 5 ሚሊዮን ብር በዛሬው ምንዛሪ 50 ሺህ ዶላርም አይሞላም። ምንዛሪው ራሱም ያስፈራቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በብር እጥፍ ያደገ ድርጅት በዶላር ለሚቆጥር ሰው ባለበት የቆመ ሆነ። ትውልደ ኢትዮጵያዊ ግን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ልቆጠር ካለ ያ ዝቅተኛ የዶላር መጠን አይመለከተውም። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዘ ዘመድ ወይም የሰፈር ልጅ ካለሽ ከየትኛውም ፈንድ በፊት እሱን አናግሪ።

አሁን ወደ ሂሳቡ። በእኛ ሥራ ገንዘብ ያስገባው ሰው ሲመጣ ያዘጋጀንለትን ስላይድ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ተወውና መጋዘን ግቡ አለን። የዕቃ መመዝገቢያውን ስቶክ ካርድ አወረደ፣ ከኋላ ያሉትን የበቆሎ ጆንያዎች ራሱ መርጦ ሚዛን ላይ አስወጣ። 50 ኪሎ የተባለው 48 ሆኖ ተገኘ፤ በቆሎ ሲደርቅ ይቀላል። «ይህ 2 ኪሎ በማን ሂሳብ ነው?» አለ። ደግነቱ የሂሳብ ሠራተኛችን የክብደት ቅናሹን ለብቻ መዝግባው ነበር፤ ድርድሩ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያንቺው በቆሎ ፊሌቶው ነው። ከአንድ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከሲሶ ብዙም አይበልጥም፤ እንግዲህ አንድ ኪሎ ለሆቴል ስትሸጪ ሦስት ኪሎ ያህል ዓሣ ገዝተሻል፣ በዚያ ላይ በረዶ፣ የሚፈለፍሉት ልጆች ክፍያና የመኪናው ነዳጅ አለ። ከጥያቄሽ ጋር ያስገባሽው ስሌት ግን የጥሬውን ዓሣ ዋጋ ከፊሌቶው መሸጫ ላይ ቀንሶ ያቆመ ይመስላል። የዐቢይ ጾምን ሽያጭ በ12 አባዝተሽም አትቅረቢ። ዓሣ በጾም እንዴት እንደሚፈለግ፣ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ቁርጡና ዶሮው ሲመለስ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቀዋል።

አንድ ደስ የማይል ነገር ልጨምር። በከተማችን ለገቢዎች የሚታይ አንድ መዝገብ፣ ለባለቤቱ ሌላ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ብዙ ነው። ከግብር የሸሸገሽው ሽያጭ ለባለሀብትም የለም፤ የሚያምነው ደረሰኙን፣ የባንክ ስቴትመንቱንና የቴሌብሩን ዝርዝር ነው።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን 5 ሚሊዮኑን እሰነጥቀዋለሁ። የማቀነባበሪያ መሣሪያውን ከኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ ፋይናንስ ጠይቂ፤ 80 በመቶውን ባንኩ ይከፍላል፣ 20 በመቶው ካንቺ ነው። ማሽኑ ከፍለሽ እስክትጨርሺ የባንኩ ስለሆነ እንደ ሌላው ብድር ቤት አምጪ አትባዪም። ጥናቱን በደንብ ማሠራት ግድ ነው፣ ምላሹም ትዕግሥት ይፈልጋል። ለዓሣ መግዣውና ለማንቀሳቀሻው ደግሞ አንድ ሁለት ሸሪክ ፈልጊ፤ ከሆቴል ባለቤቶቹ አንዱ ቢሆን ገበያም ይዞልሽ ይመጣል።

ሸሪክ ከማስገባትሽ በፊት ንግድ ፈቃድሽን ከግል ነጋዴ ወደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አዙሪው። በግለሰብ ስም የተያዘ ንግድ የሚሸጥ ድርሻ የለውም። በአዲሱ የንግድ ሕግ (1243/2013) ለብቻሽም ማቋቋም ትችያለሽ፣ ሸሪኩ ኋላ ይገባል። ከሸሪኩ ጋር ስትፈራረሙ መውጫውን ጻፉት፦ ልውጣ ሲል ድርሻውን መጀመሪያ የምትገዢው አንቺ መሆንሽን፣ ዋጋውን የሚተምነው ማን እንደሆነ፣ ክፍያው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ። ጠበቃሽ የእሱ ጠበቃ አይሁን።

የአንድ ኪሎ ፊሌቶ ወጪሽን ዘርዝረሽ፣ የጾሙን ወራት ከሌላው ለይተሽ እዚሁ ብትለጥፊው እናይልሻለን። የሆቴሎቹን የክፍያ ቀንም አብረሽ አስገቢ፤ አዲስ አበባ ያሉት በዱቤ ነው የሚወስዱት።