ጨርቁ ከተቃጠለ በኋላስ ምን ይለበሳል?

ልጆች፣ «ይህን አንግዛ፣ ያንን አንጠቀም» ብላችሁ ስትነሱ ደስ ይለኛል። እኔ የምፈራላችሁ ማግስቱን ነው። እኛም በተማሪነታችን ክፍል ጥለን ወጥተን ነበር። የግቢው ካፌ ሲዘጋ፣ በሦስተኛው ቀን ግማሻችን አንገታችንን ደፍተን ተመለስን።

የሕንዶቹን ነገር እዩልኝ። እ.ኤ.አ. በ1919 አምሪትሳር ውስጥ፣ በአንድ የእንግሊዝ መኮንን ትእዛዝ፣ ወታደሮች በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኮሱ። መንግሥት ራሱ ያመነው 379 ሟች ነው። በዓመቱ የነጻነት ትግላቸው መሪ ጋንዲ ከገዢዎቻችን ከእንግሊዞች ጋር አንተባበር አለ። ፍርድ ቤታቸው አንቁም፣ ትምህርት ቤታቸው አንግባ፣ ጨርቃቸውን አንልበስ። እሱም የሸለሙትን ሜዳሊያ መለሰላቸው።

ጠበቃ ሆኜ ስለኖርኩ ይሆናል፣ ከሁሉ የሚገርመኝ የጠበቆቹ ነው። ሞቲላል ኔህሩና ሲ. አር. ዳስ በጥብቅና እንደ ጉድ የሚከፈላቸው ሰዎች ነበሩ፤ እርግፍ አድርገው ተዉት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ አላደርገውም ነበር። ተቀማጭ የሌለው ጠበቃ ግን ውሎ አድሮ ወደዚያው ችሎት ተመለሰ። ምን ያድርግ? ብዙ ተማሪም እንዲሁ። የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች ከፍተው ነበር፣ ዴልሂ ያለው ጃሚያ ሚሊያ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ግን ለወጣው ተማሪ ሁሉ አልበቁም።

ወደ ጨርቁ ልምጣ። በ1921 ቦምቤይ ላይ የውጭ ልብስ እንደ ክምር ተቆልሎ ተቃጠለ። ገጣሚው ታጎር ይህን አልወደደውም፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። በምትኩ የመጣው ካዲ የሚባል የእጅ ሥራ ጨርቅ ነው፣ በቻርካ የተፈተለ። ቻርካ ማለት የእናቶቻችን እንዝርት መንኮራኩር ሲገጠምለት ማለት ነው። እናቴ ለአንድ ጋቢ የሚሆን ማግ ስትፈትል ስንት ምሽት እንደምታመሽ አይቻለሁ፣ ባዘቶው ከጣቷ ሥር እየሳሳ፣ እንዝርቷ ጭኗ ላይ እየተሽከረከረ፣ እኛ ተኝተን ነቅተን እሷ እዚያው። ስለዚህ የካዲ ዋጋ ከፋብሪካ ጨርቅ ለምን እንደበለጠ አይጠፋኝም። ድሃውን ርካሹን ጥለህ ውዱን ግዛ ማለት ነበር። ያም ሆኖ ወደ ሕንድ የሚገባው የውጭ ጨርቅ ዋጋ በአንድ ዓመት በግማሽ ገደማ ወረደ፤ ቀላል ነገር አይደለም።

በፌብሩዋሪ 1922 ቻውሪ ቻውራ በምትባል ቦታ ፖሊስ ተኮሰ፣ ሕዝቡም ጣቢያውን ከነፖሊሶቹ አቃጠለው። 22 ፖሊሶች ሞቱ። ትግሉ ደም እንዳይፈስበት የሚፈልገው ጋንዲ ሁሉንም አስቆመው። እስር ቤት የነበረው ወጣቱ ኔህሩ፣ የሞቲላል ልጅ ጃዋሃርላል፣ በንዴት ጦፈ። እኔም በእናንተ ዕድሜ ሳነበው «ፈሪ!» ብዬ ነበር። አሁን አልልም።

ከ8 ዓመት በኋላ በሌላ ነገር መጣ፦ በጨው። መንግሥት ጨውን በሞኖፖል ይዞ ግብር ጥሎበታል። ጋንዲ ከ78 ተከታዮቹ ጋር 24 ቀን በእግሩ ተጉዞ ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ደረሰ። በዚህኛው ዘመቻ ምትኩ ውድ አልነበረም፣ የሚፈትልም አያስፈልገው። ኤፕሪል 6 ቀን 1930 ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጨው ያዘለውን ጭቃ በእጁ ዘገነ።