ሻጩ መካኒኩን፣ መካኒኩ ዕቃውን ሲከስ ማንን ልክሰስ?

ጥያቄ፦ በራይድ ሥራ የምተዳደር ሹፌር ነኝ። ቶዮታ ቪትዝ መኪናዬ ውሃ ማፍሰስ ስትጀምር መካኒኬ «ዋተር ፓምፑ (የሞተሩን ማቀዝቀዣ ፈሳሽ የሚያዘዋውረው ዕቃ) አልቋል» አለኝ። ሶማሌ ተራ ሄጄ በ6,500 ብር አዲስ ገዛሁ፤ ሻጩ «ኦርጅናል የጃፓን ነው» ብሎኛል። መካኒኩ በዚያው ቀን ገጠመው። በሰባተኛው ሳምንት ፓምፑ አፈሰሰ፤ ሞተሩ ሞቆ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተቃጠለ፣ ቴስታታውም ተጣመመ። ለማሠራት 46,000 ብር አወጣሁ፣ 11 ቀን ሥራ ፈታሁ። ሻጩ «መካኒኩ ነው ያበላሸው» ይላል፤ መካኒኩ «ዕቃው ፌክ ነው» ይላል። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። ሻጩ አሁን ደግሞ «ፓምፑን አምጣልኝና ለአስመጪው ላሳየው» እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሳ። ፓምፑን አይስጡት። ፓምፑ ከእጅዎ ከወጣ ክርክርዎም አብሮት ወጣ ማለት ነው። ሳያጥቡትና ሳይፈቱት፣ የደረቀውን የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እድፍ ሳይነኩ ከነካርቶኑ በላስቲክ አሽገው ያስቀምጡት። በላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና ምልክት ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ። ሻጩ ማየት ከፈለገ እርስዎ ባሉበት ይየው። የግድ ይወሰድ ከተባለም የዕቃውን ቁጥር፣ ያለበትን ሁኔታና የተረከበበትን ቀን ጽፎ ይፈርምልዎ። የመጀመሪያው አሮጌ ፓምፕ እና ፓምፑን የሚያዞረው ችንጋ ካልተጣሉ እነሱንም ያስቀምጡ፤ ችንጋው ለምን እንደሚያስፈልግ ከታች ያገኙታል።

ብዙ ሰው እንዲህ ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያስበው የሸማቾች ጥበቃ ሕግን ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጣል። እርስዎን ግን ሁለት ነገር ያስቸግርዎታል። ቀኑ አልፏል፤ ከዚህም በላይ አዋጁ ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። መኪናዋን ለሥራ ስለሚያሽከረክሩ ተከራካሪው የመጀመሪያ መቃወሚያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ መንገድዎ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ ገዢው ሸማች ነው ነጋዴ ብሎ አይለይም፣ የ15 ቀን ገደብም የለውም።

በዚህ ሕግ ቁጥር 2287 እና ተከታዮቹ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ ነው። በቁጥር 2289 መሠረት ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው ጉድለት አለበት ይባላል፤ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ የተነገረለት ጥራት ከሌለውም እንደዚሁ። የእርስዎ ጉዳይ የሚቀልለው በዚህ በሁለተኛው በር ነው። «ፓምፑ ለምን አፈሰሰ?» የሚለውን ለማስረዳት የባለሙያ ክርክር ውስጥ መግባት አለብዎት። «ኦርጅናል ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ኦርጅናል አይደለም» የሚለው ግን በዕቃው ቁጥርና ምልክት ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው፤ ከተረጋገጠም ቢያንስ የ6,500 ብሩ ጥያቄ በዚያው ያልቃል። የቶዮታ ወኪል ከሆነው ሞኤንኮ ወይም ሌላ ገለልተኛ ባለሙያ ዘንድ አስመርምረው በጽሑፍ መልስ ይጠይቁ። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል፤ ካርቶኑ ላይ የቶዮታ ስም አለመኖሩ ብቻውን ፌክ አያሰኘውም። አይሲንን የመሳሰሉ ለቶዮታ ራሱ የሚያመርቱ ድርጅቶች ያንኑ ፓምፕ በራሳቸው ካርቶን ይሸጣሉ። በገበያው ቋንቋ «ኦርጅናል» ብዙ ነገር ነው፤ ሻጩም ያለ ጥርጥር በዚህ ይከራከራል። ሲነግርዎ አብሮዎ የነበረ ሰው ካለ ምስክርነቱ ዋጋ አለው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው በር። ሻጩ «መካኒኩ ነው» ሲል ሁልጊዜ ውሸቱን አይደለም፤ ደህና ፓምፕም በአገጣጠም ጥፋት በሳምንታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። በእርስዎ ዓይነት ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው የውጭው ችንጋ ነው፤ ችንጋው ከልክ በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) ይጫናል፣ ከዚያም መላወስ ይጀምርና የፓምፑን ማኅተም (ፈሳሹ እንዳይወጣ የሚያግደውን ሲል) ያበላሻል። ሲሊኮን በብዛት ተቀብቶ ከሆነ ቁራጩ ወደ ውስጥ ይገባል። ከኩላንት ይልቅ የቧንቧ ውሃ ከተሞላ ዝገትና የካልሲየም ክምችት የማኅተሙን ፊት ይፍቀዋል። አየሩ በደንብ ካልወጣ ማኅተሙ ደርቆ ይሠራል። በሌላ በኩል ውሃ የሚገፋው ክንፍ ከዘንጉ ላይ ከላላ፣ በፓምፑ አካል ላይ ብረቱ ቀልጦ ሲቀረጽ የተፈጠረ ቀዳዳ ወይም ስንጥቅ ከታየ፣ ችንጋው ልኩ ሆኖ ሳለ ኩሽኔታው ከተጫወተ፣ ጣቱ ወደ ፋብሪካው ይዞራል። ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ የወረደው እድፍ ማኅተሙ ማፍሰሱን ያሳያል፤ ለምን እንዳፈሰሰ ግን ለብቻው አይነግርም። ለዚህ ነው ችንጋውን አስቀምጡ ያልኩት፤ በራዲያተሩ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ምን እንደነበርም መታወቅ አለበት። መርማሪው በሪፖርቱ እነዚህን አንድ በአንድ እንዲያነሳ ያድርጉ። «ዕቃው ጥራት የለውም» የምትል ባለ አንድ መስመር ወረቀት ችሎት ፊት ብዙ አትቆምም።

ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። በቁጥር 2291 እና ተከታዮቹ ገዢ ዕቃውን አጋጣሚውን እንዳገኘ ወዲያው መመርመር፣ ጉድለቱን እንዳወቀም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካላስታወቀ ዋስትናውን ያጣል። እርስዎ ሄደው ስለተናገሩት አንድ እግር ተክለዋል፤ ቃል ግን ይካዳል። ዛሬውኑ አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። ፓምፑ የተገዛበትን ቀንና የደረሰኝ ቁጥር፣ የተገጠመበትን ቀን፣ ማፍሰሱ የታየበትን ቀን፣ ምን እንደደረሰና ምን እንደሚጠይቁ ይግለጹ። ሻጩ ፈርሞ ይቀበል፤ አልፈርምም ካለ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ። ተመሳሳዩን በስልክ መልእክት መላክም አይጎዳም። ከማስታወቂያው ጀምሮ ሌላ ሰዓት ይቆጥራል፤ በቁጥር 2298 መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ ክስ ካላቀረቡ መብቱ ይቀራል። ሽማግሌ እየላኩ ዓመቱን የሚያሳልፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

የደረሰኙ ማኅተም ብዙ አያስፈራዎት። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ሐሳቡን የለወጠን ገዢ ለመመለስ ያገለግል ይሆናል፤ ከተከፈለ በኋላ የሚሰጥ ወረቀት ላይ የታተመ ቃል ደግሞ ተስማምተውበታል ለማለት ይከብዳል። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ደብቆ ከሆነ በውል የተጻፈ የኃላፊነት ማስቀሪያ እንኳ አይጠቅመውም። ደረሰኝ ለሌላቸው አንባቢዎች ደግሞ፦ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሽያጭ በቃል ይጸናል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ የከፈላችሁበት መልእክትና ምስክር ይረዳችኋል።

መካኒኩ በሌላ ውል ነው የሚጠየቀው። ጥገና በቁጥር 2610 እንደተባለው አንድን ውጤት በራስ ኃላፊነት ለማስገኘት የሚገባ የሥራ ውል ነው። ዕቃውን የገዙት እርስዎ ስለሆኑ ለፓምፑ ጥራት በቀጥታ አይጠየቅም፤ ለአገጣጠሙ ግን ይጠየቃል። (ዕቃውን ጋራዡ ራሱ ገዝቶ ቢገጥም ኖሮ ተጠያቂው አንድ ይሆን ነበር። ሁለት መቶ ብር ለማትረፍ ራሳችን ዕቃ ስንገዛ የምንተወው ይህንን ነው።) ከሁለቱ የትኛው እንዳጠፋ እርግጠኛ ካልሆኑ ሁለቱንም በአንድ ክስ ተከሳሽ ያድርጉ። ሲከራከሩ አንዱ በሌላው ላይ የሚያቀርበው ማስረጃ ለእርስዎም ይሠራል።

ጉዳቱን በተመለከተ የፓምፑ ዋጋ ቀላሉ ነው። 46,000 ብሩ የሚወሰነው መኪናዋ መሞቅ ስትጀምር ምን እንዳደረጉ ላይ ነው። ሕጉ ጉዳት የደረሰበት ሰው ጉዳቱ እንዳይሰፋ የሚቻለውን እንዲያደርግ ይጠይቃል። ብዙ ቪትዞች የሙቀት ጠቋሚ ክንድ የላቸውም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሰማያዊ፣ ሲግል ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። ቀዩ ሲበራ ወዲያው አጥፍተው ከቆሙ ያንን የሚያስረዳ ነገር (የተሳፋሪ ምስክር፣ የተቋረጠ ጉዞ መዝገብ፣ የጎታች ደረሰኝ) ያቅርቡ። ቤት ድረስ ነድተው ከሆነ ከቴስታታው ወጪ ከፊሉ ወደ እርስዎ እንደሚመለስ ይጠብቁ። ለ11 ቀኑ ገቢ ከመተግበሪያው ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት የገቢ ዝርዝር አውጥተው አማካዩን ያስሉ፤ ነዳጁንና ኮሚሽኑን ግን ይቀንሱ። ሻጩ ሲሸጥልዎ መኪናዋ ለሥራ እንደምትውል ያውቅ ነበር? ከቁጥር 1799 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ከተለመደው በላይ የሆነን ጉዳት የሚያስከፍሉት ሌላው ወገን ልዩ ሁኔታውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሲሆን ነው። ካልነገሩት ይህ ክፍል ደካማ ነው፤ እኔ ብሆን ዋናውን ጥያቄ በእሱ ላይ አላንጠለጥልም።

ክሱን የማየት ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት የትኛው እንደሆነ አስቀድመው ያጣሩ። ደረሰኞቹን፣ ደብዳቤውን፣ የባለሙያውን ሪፖርትና የምስክሮችን ስም በማስረጃ ዝርዝሩ ከክሱ ጋር አያይዙ፤ ፓምፑንም እንደ ማስረጃ ይጥቀሱት። ተከሳሾቹ ሪፖርቱን ካላመኑ ፍርድ ቤቱ ሌላ ባለሙያ እንዲመረምር ሊያዝ ስለሚችል ዕቃው እስከ ፍርዱ ሳይነካ ይቆይ። ለፍርድ ቤት የሚከፈለው የዳኝነት ክፍያ የሚታሰበው በጠየቁት ገንዘብ መጠን ነውና የማያስረዱትን ቁጥር አይጫኑበት።