የባለቤቴ ቅድመ አያት ፋይል የት ገባ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው ለንደን ነው፣ ባለቤቴ እንግሊዛዊ ነው። ቅድመ አያቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተራ ወታደር ነበሩ፤ "ጦርነቱ ከተጀመረ ጊዜ አንስቶ ፈረንሳይ ነበሩ" ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። እጃችን ላይ ያለው ግን ሁለት ኒሻን ብቻ። ልጄ ታሪካቸውን እንጻፍ ብሎ ይዞኛል። ኢንተርኔት ላይ ፋይላቸውን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ስማቸው ደግሞ እዚህ አገር እንደ ከበደ ነው፣ የትም አለ። ከየት ልጀምር? (ስሜ ይቆይ፣ ከለንደን)

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ ላይሆን ይችላል፤ ፋይሉን እሳት በልቶት ይሆናል። በሴፕቴምበር 1940 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የጀርመን አውሮፕላኖች ደቡብ ለንደን፣ ዋልዎርዝ የነበረውን የጦር ሚኒስቴር መጋዘን ደበደቡና በአንደኛው ጦርነት ከዘመቱት ተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ፋይል 60 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ከተረፈውም ብዙው ዳሩ ያረረ፣ ውሃ ያበላሸው ወረቀት ነው፤ እዚያው "የተቃጠሉት ሰነዶች" ነው የሚሏቸው። የመኮንኖቹ መዝገብ ለብቻው ስለሆነ አንቺን አይመለከትም።

ስለዚህ ፋይሉን ለጊዜው ተዪውና ኒሻኖቹን አንሺ። ጠርዛቸውን ብርሃን ላይ እያዞርሽ እዪ፣ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ብታጎዪው ደግሞ ይቀላል፤ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና የጦር ክፍል ተቀርጾበታል። እባክሽ ያብረቅርቅ ብለሽ አትፈትጊው፣ ጽሑፉ ይሳሳል። ስሙ እንደ ከበደ ከሆነ መለያሽ ቁጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም፤ ያኔ አገር አቀፍ ቁጥር ስላልነበረ አንዱን ቁጥር የተለያየ ሬጅመንት (በርካታ ሻለቃ ጦር የሚይዝ የጦር ክፍል) ውስጥ ያሉ ብዙ ሰዎች ይይዙታል። ሬጅመንቱንም አብረሽ ያዢ። ባለ ስድስት አሃዝ ሌላ ቁጥር ካጋጠመሽም አትደንግጪ፤ የአገር ግዛት ጦር ለሚባለው፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሰለጥኑ በጎ ፈቃደኞች ክፍል ሰዎች በ1917 አዲስ ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር።

ቁጥሩን ይዘሽ እዚያው ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ የኒሻን ካርዳቸውን (የትኛው ኒሻን እንደተሰጣቸው የተጻፈበትን) ፈልጊ። ካርዶቹ እሳት አልነካቸውም። ካርዱ ወደ ኒሻን መዝገቡ ይመራሻል፤ እዚያ ብዙ ጊዜ የነበሩበት ሻለቃ ጦር ይገኛል። ሻለቃ ጦሩን ካወቅሽ ደግሞ የጦሩ የዕለት ውሎ መዝገብ አለልሽ። የመኮንን ስም እንጂ የተራ ወታደር ስም ብዙም አይጽፍም፣ ግን የትኛው ቀን የት መንደር እንዳደሩ፣ መቼ ምሽግ እንደገቡ ቀን በቀን ይነግርሻል። ለልጅሽ ታሪኩ ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ወሬ። ሁለቱ ኒሻን አንደኛው የብር፣ ሌላኛው ባለ ቀስተ ደመና ሪባን ነሐስ ከሆነ አንድ የጎደለ ነገር አለ፤ ከ1915 መጨረሻ በፊት ጦር ሜዳ የደረሰ ሰው ሦስተኛ፣ የኮከብ ቅርጽ ያለው ኒሻን ነበረው። ወይ ኮከቡ ጠፍቷል (ችግር ጸንቶበት ኒሻኑን የሸጠ ዘማች ሞልቷል)፣ ወይ ሰውየው ፈረንሳይ የገቡት ከ1916 ወዲህ ነው። ይህ ማለት ቤተሰቡ ዋሽቷል ማለት አይደለም። በ1914 በፈቃዱ ተመዝግቦ እስከ 1916 እዚያው እንግሊዝ ሲሰለጥን የቆየ ብዙ ነው፣ የተመዘገቡበትና የዘመቱበት ቀን በወሬ ወሬ ተቀላቅሎ ይሆናል። ኮከብ አግኝተው ከነበረ ካርዱ ላይ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም የገቡበት ቀን አብሮ አለ። እስከዚያው ለአማትሽ ምንም እንዳትተነፍሺ።